«ተወገዳ» ወይስ «ተወገደ»?

ከስማዳ የመጣ ሰው «ከየት መጣህ?» ቢባል «ተወገዳ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። «ተ» ደግሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ከዚያም አልፎ በብዙው የጎንደር፣ የጎጃምና የወሎ ገጠር በ«ከ» ቦታ የምትገባ ፊደል ናት። «ተቤት ወጣሁ»፣ «ተገበያ ገባሁ»፣ «ተዚያ ወዲህ አላየሁትም» ይባላል። ለአገሩ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር የለውም። አሁን «ተወገዳ መጣሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጋዜጣ አማርኛ ብቻ ለተማረ የፊደል አራሚ ፕሮግራም ስጡት። ቃሉን አያውቀውም። ዝርዝሩን ያገላብጥና በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ቅርብ ቃል ያገኛል፤ «ተወገደ»። ያርመዋል። ሰውዬው ከአገሩ መጥቶ ሳለ ማሽኑ አስወገደው ማለት ነው።

ቢያስቅም ነገሩ ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር የሰውን ቋንቋ እንዲያነብ፣ እንዲያርም፣ እንዲተረጉም፣ ሰምቶ እንዲጽፍ የማድረጉ ሙያ በባለሙያዎቹ አፍ «ኤንኤልፒ» ይባላል፤ «የሰውን ቋንቋ በኮምፒውተር ማቀናበር» ብንለው ያስኬዳል። ብዙ ወጣቶች ይህን ሙያ ሲሰሙ የሚታያቸው ሲሊከን ቫሊ፣ ውድ ማሽንና የሦስተኛ ዲግሪ ነው። ግምቱ ለላይኛው ጫፍ ልክ ሊሆን ይችላል። ለመጀመር ግን አሮጌ ላፕቶፕ፣ ጥቂት የፓይተን ኮድና ቋንቋውን ከቤት ይዞ ማደግ ይበቃል። የመጨረሻውን ደግሞ ገዝቶ የሚያመጣው የለም፤ የወገዳ፣ የአርብ ገበያ፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ግን ከእናቱ ቤት ይዞት ወጥቷል።

ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በርካታ ወጣቶችን ከኮድ ጋር አስተዋውቋል። ሰርተፊኬቱን ይዘው «እሺ፣ ቀጥሎስ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሌላ አገር የሱቅ ድረ ገጽ አስመስሎ መሥራት ለልምምድ አይከፋም። ነገር ግን ማንም ያልነካው፣ ውጤቱ በአንድ ሳምንት የሚታይ፣ ለጎረቤትም የሚጠቅም ሥራ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጧል።

«ቻትጂፒቲ እኮ አማርኛ ይችላል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። ይችላል፤ እየተሻሻለም ነው። የሚችለው ግን ያየውን ያህል ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ አለው። ጎግል የትርጉም አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምሮ አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ አስር ዓመት ያህል ወረፋ ጠብቀናል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። «ወገዳ» ሦስት ፊደል ሆና 9 ባይት ናት፤ ያው ስም በላቲን ሲጻፍ በ6 ፊደል 6 ባይት ይሆናል። ትልልቆቹ ሞዴሎች ጽሑፉን ቶክን ወደሚሉት ቁርጥራጭ ሲከፋፍሉት የኛን ቃል አብዝተው ይከትፉታል። ክፍያው በቶክን ስለሚቆጠር ደግሞ ለተመሳሳይ ሐሳብ አማርኛ ጸሐፊው የበለጠ ይከፍላል።

ታዲያ ጀማሪው ከየት ይነሳ? እኔ ከፊደል ገበታው ይነሳ ባይ ነኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ሟርት ይመስል ነበር። (ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ እንዲህ ያሉ የማይነበቡ ፋይሎች ታጉረው አሉ። እነሱን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ራሱ የሚያስመሰግን የመጀመሪያ ሥራ ነው።) መዝገቡ ታዲያ የፊደል ገበታችንን ቅርጽ ጠብቋል። የ«ደ» ቁጥር 4848 ነው፤ «ዱ» 4849፣ «ዲ» 4850፣ «ዳ» 4851 እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ አለው። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 ሲያካፍሉት ድርሻው የትኛው ረድፍ እንደሆነ፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ መሆኑን ይነግራል። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 3 ከሆነ ራብዕ ነው። ጥቂት ወጣ ያሉ ረድፎች አሉ፤ ከነሱ በቀር ይሠራል። በልጅነቱ ሀሁ የቆጠረ ሰው ይህን በሦስት መስመር ኮድ ማሽኑ ላይ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ይሞክሩት።

ቀጥሎ ፊደል አራሚውን መሥራት ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፒተር ኖርቪግ እ.ኤ.አ. በ2007 ሃያ ምናምን መስመር ብቻ የሆነች የፓይተን ፊደል አራሚ ጽፈው አሰራሯን በነፃ አስነብበዋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ የማይታወቅ ቃል ሲመጣ አንድ ፊደል መቀነስ፣ አጎራባች ፊደላትን ማቀያየር፣ አንዱን መለወጥ፣ አንድ መጨመር፣ ከዚያም ከሚገኙት መካከል በጽሑፍ ውስጥ አዘውትሮ የሚታየውን መምረጥ። አራት ፊደል ላለው የእንግሊዝኛ ቃል ይህ 241 ሙከራ ይጠይቃል። ፊደላችንን በደምሳሳው 300 ብንለው፣ አራት ፊደል ላላት «ተወገዳ» 4 መቀነስ፣ 3 ማቀያየር፣ 1,200 መለወጥና 1,500 መጨመር፣ በድምሩ 2,707 ሙከራ ይሆናል። የተዋሱት ኮድ በአማርኛ ላይ ሲንቀራፈፍ ጀማሪው ምክንያቱን በራሱ እጅ ያገኘዋል። መፍትሔውንም እንደዚያው፤ እኛ ስንሳሳት «ደ»ን በ«ዳ» እንጂ «ደ»ን በ«ጨ» የምንተካው ስንት ጊዜ ነው? ስለዚህ ከአንድ ረድፍ የሆኑትን ፊደላት አስቀድሞ መሞከር ነው። ለ8 ማካፈሏ እዚህ ላይ ትጠቅማለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ይህ ማሻሻያ ለብዙ ስህተት መድኃኒት ይሆናል፤ ለ«ተወገዳ» ግን ያባብስበታል። «ዳ» እና «ደ» የአንድ ረድፍ ልጆች ናቸውና ማሽኑ «ተወገደ»ን አሁን ከመጀመሪያውም በላይ ተማምኖ ያመጣዋል። ብልጠት የተጨመረለት አላዋቂ ማለት ይህ ነው። የጎደለው ኮድ አይደለም፤ ወገዳ የሚባል አገር መኖሩን፣ «ተ»ም «ከ» መሆን እንደምትችል የሚነግረው ሰው ነው።

ሞክሼ ፊደላቱም ሌላ ፈተና ናቸው። «ኃይል» በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ»፣ በ«ኃ» ተጽፎ ይገኛል፤ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» እና በ«ፀ» ካባዛነው 12 ዓይነት መልክ ይወጣዋል። ለሰው አንድ ቃል የሆነው ለማሽን አስራ ሁለት ነው። የተለመደው መላ ሁሉንም ወደ አንድ መጠቅለል ነው፤ ለፍለጋ ይረዳል። ሆኖም «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት መሆኑን የሚያውቅ የቅኔ መምህር ይህን ቢያይ ራሱን ይይዛል። የሚሻለው የተጠቀለለውን ለሥራ እየተጠቀሙ ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው።

የቅኔ መምህር ካነሳን አይቀር፣ ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ የቤተ ልሔም አገር ናት። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግስ ማርባትን ያውቃል፤ አንድ ግስ ይዞ በየመደቡ፣ በየጊዜው፣ በየአካሉ እያፈራረቀ ያወርደዋል። ኮምፒውተሩ የሚቸገረው በዚህ ነው። «አልሰበርንላቸውም» አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን ስ-ብ-ር የሚል ሥር፣ አሉታ፣ «እኛ» እና «ለእነሱ» ታጭቀዋል። ይህን የመፍታት ሥራ የሚሠራው በስፋት የሚታወቀው ነፃ ፕሮግራም ሆርንሞርፎ ይባላል፤ በአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማይክል ጋሰር የሠሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ባስተዋወቁት ጽሑፍ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ አገልግሎት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ሰውየው የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እርባታን በቃሉ የሚያወርድ የቆሎ ተማሪ የነበረና ዛሬ ኮድ የሚጽፍ ወጣት ግን በዚህ ሥራ ላይ ከማንም ቀድሞ የሚደርስ አይመስላችሁም? እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ሁለቱ እውቀታቸው እንደሚገናኝ የነገራቸው ሰው ነው ያጡት።

ይሁንና ፕሮግራሙ ቢሠራም የሚመገበው ጽሑፍ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ባለሙያዎች ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል የተገኙ 1,065 ዜናዎችን፣ 210 ሺህ ያህል ቃላትን፣ እያንዳንዱን ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እያሉ በእጃቸው ለይተው ነበር፤ ሥራውን ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አቅርበውታል። በ2018 እነ ቢንያም ኤፍሬም 1,074 ዓረፍተ ነገሮችን ሰዋስዋቸው ተተንትኖ እንዲገኝ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካውያን የበጎ ፈቃድ ስብስብ ደግሞ፣ ስሙም በዙሉኛ «አብረን እንሥራ» እንደማለት ነው፣ በ2021 የሰውና የቦታ ስሞች የተለዩበት መረጃ በአስር የአፍሪካ ቋንቋዎች ሲያወጣ አማርኛ አንዱ ነበር። የሰው ስም መለየት በአማርኛ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትልቅ ፊደል የሚባል ነገር የለንም፤ «አበበ» ስምም ግስም ነው፤ «ደስታ መጣ» ሲባል ሰውየው ይሁን ስሜቱ ማሽኑ በምን ይለያል?

እንግዲህ የነዚህን አብዛኞቹን ምንጭ ስናይ ዜና ነው። ዜና ብቻ ያነበበ ማሽን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲናገር «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «ጠቁመዋል» የሚል ይመስለዋል። (ይህን በጋዜጣ ገጽ ላይ መጻፌ እኔንም ያስቀኛል።) ምጣዱ ዳር፣ ማሳው ላይ፣ ገበያው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ውስጡ የለም። «አይደለም»ን «አይዶለም» የሚሉ፣ «ከጓሮ»ን «ተጓሮ» የሚሉ ሰዎች አልተቆጠሩም።

ጉዳዩ የባህል ቁጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ አልፈው ነበር። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ደውሎ ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር እንዲሰማ አድርጓል። ጥሩ ሥራ ነው። ዓለም እየሄደች ያለችው ግን ቁጥር ከመጫን ወደ መናገር ነው። ነገ የጤና፣ የብድር፣ የማዳበሪያ ጥያቄ ማሽን ሰምቶ የሚመልስበት ጊዜ ሲመጣ፣ የታች ጋይንት ገበሬ «ተማሳዬ የገባው ተምች…» ብሎ ሲጀምር ማሽኑ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ካለው፣ አገልግሎቱ ለገበሬ ተብሎ ተሠርቶ ገበሬውን ደጅ ያስቀረ ይሆናል። የከተማው ሰው ያልፍለታል። ጥፋቱን የሚያስተውለውም አይኖርም፤ የተቸገረው ሰው ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል እንጂ ለማን አቤት ይላል?

ስለዚህ ከኮዱ እኩል የሚቆጠረው ሥራ ቃል መሰብሰብ ነው። ሁለት መቶ የአገር ቤት ቃል፣ እያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደተሰማ ተጽፎ፤ ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን እስካሁን ከሌለው ይበልጣል። ስም ያላቸውን ቦታዎች መመዝገብም እንደዚያው። ድምፅ መስጠት ለሚፈልግ ሞዚላ የተባለው ድርጅት ኮመን ቮይስ በሚለው የድምፅ ማሰባሰቢያው አማርኛን ጨምሯል፤ ያለው ሰዓት ገና ጥቂት ነው። ለትርጉም ሥራ ደግሞ የነጋሪት ጋዜጣን የሚያህል የለም። አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ታትሞ ይወጣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሕግ ጽሑፎችን ከቅጂ መብት ጥበቃ ውጭ ስላደረጋቸው ጀማሪው ሳይሳቀቅ ይሠራበታል። የሰው መጽሐፍ ስካን አድርጎ መልቀቅ ግን ሌብነት ነው። የቴሌግራም ቡድን ወሬ ለቅሞ መውሰድም እንዲሁ አይሆንም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ባይወጣም ነውር ነው። እማማን ወይም አባባን ለመቅረጽ አስቀድሞ ለምን እንደሆነ አስረድቶ ማስፈቀድ፣ የቤተሰብ ነገር ከገባበትም ማጥፋት ይገባል።

ኢንተርኔትስ? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በደመና ላይ ያለ ማሽን እየተከራየ የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲሆን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እስካሁን የዘረዘርኩት ሥራ ግን አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር በፍላሽ ተገልብጦ፣ ፓይተኑም፣ ሆርንሞርፎውም፣ ጽሑፉም፣ ከመስመር ውጭ የሚሠራ ነው። መብራት ባለ ጊዜ ይሠሩታል፤ ሲጠፋ ወረቀት ላይ ቃል ይሰበስባሉ።

የማይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሱም ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። በአማርኛ ቋንቋና ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጥናቱ ይነበባል፤ የተሠራበት ኮድና የቃላት ስብስብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪው ላፕቶፕ ጋር ይጠፋል። የሚቀጥለው ተማሪ ያንኑ ሞክሼ ፊደል እንደገና ሲጠቀልል፣ ያንኑ የማያስፈልግ ቃል ዝርዝር እንደገና ሲጽፍ ይከርማል። መረጃውን ሳያስረክብ ማንም አይመረቅ ማለት በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርባቸው ነው። የአካባቢውን ንግግር የሚያሰባስብ አንድ ክፍት ማኅደር ቢያስቀምጥ፣ ክረምት ወደ ቤታቸው የሚገቡ ተማሪዎቹን ብቻ ቢልክበት በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ይሞላዋል።

ወደ «ተወገዳ» ልመለስ። ጀማሪው አሁን ለፕሮግራሙ ደንብ ይጽፍለታል፤ ቃሉ በ«ተ» ከጀመረና ቀሪው በቦታ ወይም በስም ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ «ተ»ን «ከ» ብለህ አንብብ። «ተወገዳ» ዳነች። «ተእስቴ»፣ «ተነፋስ መውጫ»፣ «ተማሳዬ»ም ዳኑ። በሁለተኛው ቀን «ተነገሩ ሁሉ የገረመኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል። «ነገሩ» በስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ «ተነገሩ» ደግሞ በጋዜጣው አማርኛ ትክክለኛ ግስ ነው፤ ወሬዎቹ ተነገሩ። ማሽኑ ሁለቱንም ይዞ ይቆማል። ያኔ ጀማሪው ኮዱን ትቶ ወደ ጓዳ ይገባና «እማ፣ ‘ተነገሩ’ ስትይ ቀጥሎ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል።